አውሮፕላኑ አይጠብቅም፣ ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነቃነቅም

ከደብረ ታቦር ተነስቶ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው የሚበሳጨው አየር ላይ አይደለም። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በረራው 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ የቀረበልዎትን ውኃ በቅጡ ሳይጨርሱ «ወንበርዎን ቀና ያድርጉ» ይባላሉ። ልብ የሚያደርቀው ነገር ያለው ምድር ላይ ነው፦ ትኬቱ ላይ በተጻፈው ሰዓት፣ በመናኸሪያው፣ በሚዛኑ፣ ጎረቤት «ይቺን ብቻ» ብላ በምታስይዝዎት ፌስታል ውስጥ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ በረራው የሚለው ጥቂት ነው።

ደብረ ታቦር ዲቢቲ የሚል ዓለም አቀፍ የአየር ማረፊያ መለያ ቢኖራትም ትኬት ቆርጠው የሚሳፈሩበት መደበኛ በረራ የላትም። የሚሳፈሩት ባሕር ዳር፣ ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ግን ቁልቁል ከመውረድዎ በፊት በጋሸና በኩል ላሊበላን ያመዛዝኑ። አዲስ ዘመን ያለ ሰው ደግሞ ጎንደርም ባሕር ዳርም ይቀርቡታል። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የሁለቱንም ቀንና ዋጋ ይጠይቁ።

ትኬቱን በራስዎ ሰዓት ይጻፉት

ይህ ትኬቱ እጅዎ በገባበት ቀን የሚሠራ ሥራ ነው። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ቀኑም በፈረንጅ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ከ07:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ይቀንሱ። ከ19:00 ወዲህ ከሆነ 18 ይቀንሱ። ከ00:00 እስከ 06:59 ከሆነ ደግሞ 6 ይደምሩ። ስለዚህ 07:20 ጠዋት 1:20 ነው፣ 13:40 ቀን 7:40፣ 21:30 ማታ 3:30። 07:20ን አይተው «ገና 7 ሰዓት ነው» ብለው ቡና የሚያፈሉ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ።

ከሁሉም የሚከፋው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። ከቦሌ ወደ አውሮፓ ከሚሄዱት በረራዎች ብዙዎቹ የሚነሱት እኩለ ሌሊት ግድም ነው። ትኬቱ «15 ማርች፣ 00:45» ይላል እንበል። 15 ማርች በእኛ መጋቢት 6 ነው። አውሮፕላኑ የሚነሳው ግን መጋቢት 5 መሽቶ፣ ሌሊት 6:45 ላይ ነው። መጋቢት 6 ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ቦሌ የሚደርስ መንገደኛ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ «መጋቢት 5 ለ6 አጥቢያ፣ ሌሊት 6:45» ብለው ይጻፉና ለሚሸኝዎትም ለሚቀበልዎትም ይህንኑ ይንገሩ። እንዲህ ተብሎ የተነገረ ቀን አያሳስትም።

እግረ መንገድዎን የፓስፖርትዎን ማብቂያ ይዩ። እሱም በፈረንጅ ነው። 2026 የሚለውን በእኛ ዘመን አንብቦ «ገና 8 ዓመት አለው» የሚል ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። ብዙ አገሮች ደግሞ ፓስፖርቱ ቢያንስ የ6 ወር ዕድሜ እንዲቀረው ይፈልጋሉ።

ስምዎ እንደ ፓስፖርቱ፣ ጉዞዎ በአንድ ትኬት

ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከቢሮ ቢሮ ይለያያል። የቀበሌ መታወቂያው አንድ ዓይነት፣ ፋይዳው ሌላ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ሦስተኛ ዓይነት ሊጽፈው ይችላል። ትኬት ቆራጩ በስልክ ሰምቶ ሲጽፍ አራተኛው ይወለዳል። መድኃኒቱ ስምን በቃል አለመናገር ነው። የሚጓዙበትን ሰነድ ፎቶ አንስተው ይላኩና የተቆረጠውን ትኬት ፊደል በፊደል ያስተያዩ። የአባት ስም የት፣ የአያት ስም የት ይግባ የሚለውም በፓስፖርቱ አጻጻፍ ይወሰን። አንድ ፊደል የጎደለች እንደሆነ ወዲያው ያስተካክሉ፤ በሳምንቱ ውስጥ ቀላል የሆነው ነገር በመሳፈሪያው ቀን ጠብ ይሆናል።

ባሕር ማዶ የሚሄዱ ከሆነ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለውን በረራና የውጪውን በአንድ ትኬት ያስቆርጡ። ለየብቻ መቁረጥ አንዳንዴ ይረክሳል፤ የባሕር ዳሩ አውሮፕላን ዘግይቶ የውጪው ካመለጠዎት ግን የሁለተኛው ትኬት ዕዳ የራስዎ ነው። አንድ ትኬት ከሆነ በቀጣዩ በረራ የማሳፈሩ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ይሆናል። ከውጪ የሚመጣ ዘመድም ዓለም አቀፉን በየትኛው አየር መንገድ እንደሚሳፈር ሳይወስን የአገር ውስጡን ዋጋ ይጠይቅ፤ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለሚመጣ ሰው የአገር ውስጡ ቅናሽ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በረራው ምርጫ ካለው የጠዋቱን ይያዙ። በክረምት ደመናው የሚከብደው፣ ነጎድጓዱም የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው፤ የአንዱ በረራ መዘግየትም እየተንከባለለ የማታውን ይደርስበታል። የጠዋቱ ቢሰረዝ ቢያንስ የቀኑ ይቀርልዎታል። ለቡሄ ነሐሴ 13 ደብረ ታቦር ለመድረስ የሚመጡ እንግዶች ይህን ያስታውሱ፤ የከተማዋ ትልቁ በዓል የሚውለው ዝናቡ በሚበረታበት ወር ነው። የገናና የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ችግሩ ሰማይ ሳይሆን ወንበር ነው፤ ላሊበላና ጎንደር የሚሄደው ሰው ትኬቱን ቀድሞ ይጨርሰዋል።

መንገዱን ከኋላ ወደ ፊት ይቁጠሩ

ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ሲቀና 2 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የሚያበላሸው ይህ «ሲቀና» የሚለው ነው። ከደብረ ታቦር አለም በርን አልፈው ወረታ እስኪወርዱ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ አለ፤ በክረምት ጠዋት ጉሙ መብራት አስበርቶ ያስነዳል። ከወረታ በኋላ የፎገራ ሜዳ ነው፤ የጉማራ ወንዝ ሲሞላ ሩዙ ላይም መንገዱ ዳርም ውኃ ይተኛል። ከዚያ ሐሙሲት፣ ዘንዘልማ፣ ዓባይ ድልድይ። ዓባይን ሲሻገሩ «ደረስን» አይበሉ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ ባሕር ዳርን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ይቀርዎታል።

ስለዚህ ሒሳቡ ከአውሮፕላኑ ይጀምራል። ለአገር ውስጥ በረራ 2 ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ለመንገዱ 2 ሰዓት፣ ለኬላና ለፍተሻ 1 ሰዓት፣ ባሕር ዳርን ለማቋረጥ ግማሽ ሰዓት ይያዙ። ቀን 7:40 ለሚነሳ አውሮፕላን ከደብረ ታቦር መነሻው ጠዋት 2:10 ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ሚኒባሱ እስኪሞላ የሚጠበቀው አልተቆጠረም። ረዳቱ «ሞልቷል፣ አንድ ሰው ብቻ» ሲል ያቺ አንድ ሰው ስንት ሰው እንደሆነች የመናኸሪያ ደንበኛ ያውቃታል። ሦስት መንገድ አለዎት፦ ገና ሲነጋ ከሚሞላው የመጀመሪያው መኪና መሳፈር፣ የጎደለውን ወንበር ከፍሎ ማስነሳት፣ ወይም ከሌሎች መንገደኞች ጋር ተሰብስቦ ኮንትራት መያዝ። ዕቃ የበዛበት ሰው ሦስተኛውን ቢመርጥ አይጸጸትም፤ ሻንጣዎ ከጣሪያ ላይ ከፍየልና ከድንች ማዳበሪያ ጋር አይጋፋም።

በረራው ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ከሆነ ግን አይከራከሩ፤ ማታውን ባሕር ዳር ይደሩ። በዚህ መንገድ በጨለማ መጓዝ አይመከርም። ከዚህም ሌላ ካለፉት ዓመታት ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት መንገድ ያዘጋል፣ የታክሲና የባጃጅ እንቅስቃሴ ያስቆማል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በረራውም ራሱ ለቀናት ተቋርጦ ነበር። ከመነሳትዎ ቀን ቀደም ብለው በዚያው መስመር ለሚነዳ ሹፌር ይደውሉ፤ የመንገዱን ነገር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የውጪ በረራ ያለበት ሰው ከአዲስ አበባው ቀን አንድ ቀን፣ ቢቻል ሁለት ቀን ቀድሞ ቢወርድ የሆቴሉ ወጪ ከጠፋ ትኬት ይቀላል።

ሚዛኑ ሳይፈርድብዎት

ከደብረ ታቦር የወጣው ከባዱ ጓዝ የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ነው። ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ 70 ኩንታል ገደማ እየመዘነ፣ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስቶ በጋይንት በኩል መንገድ እየተቀደደለት መቅደላ የደረሰው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነበር። ንጉሡ ሚዛን የሚይዝባቸው አልነበረም። እርስዎ ግን አለብዎት።

የሚፈቀድልዎት ክብደት ትኬቱ ላይ ተጽፏል። ለብዙዎቹ የውጪ በረራዎች በኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው፤ የእጅ ሻንጣው 7 ኪሎ። ለአገር ውስጡ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል ያንን ለብቻ ይዩ። ልብ ይበሉ፦ 23 እና 23 ማለት 46 በአንድ ሻንጣ ማለት አይደለም፤ አንዱ 28፣ ሌላው 18 ከሆነ አንዱ ይከፈላል። ሻንጣውን ቤት ውስጥ በክንድ አይገምቱ። ወደ እህል ነጋዴ ይውሰዱትና በሚዛኑ ላይ ያስቀምጡት፤ ደብረ ታቦር ላይ ቡና ጋብዘው የሚያስመዝኑት ባሕር ዳር ላይ ሰው ፊት ሻንጣ ከፍተው ጋቢና በርበሬ ከመምረጥ ያድንዎታል። ጋቢውን ግን ሻንጣ ውስጥ አይክተቱ፤ ይልበሱት። አውሮፕላን ውስጥ ይበርዳል፣ የለበሱት ነገርም ሚዛን ላይ አይወጣም።

ዱቄት ነገር፣ ማለትም በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ሁሉም የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ተጨማሪ ፍተሻ አለበት፤ ፈታሹ ካልተረዳው ይቀራል። የእናት በርበሬ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲቀር ማየት ከመንገዱ ሁሉ ይከብዳል።

ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በሚበልጥ ዕቃ አይያዝም። ይህ ሕግ የመጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ፈሳሽ ፈንጂ ወደ አውሮፕላን ለማስገባት የታቀደ ሴራ ከተደረሰበት በኋላ ነው፤ ማር፣ ቅቤና ጠበልም አይለይም። «ጠበል ነው» ማለት ፈታሹን ሊያሳዝነው ይችላል፣ መሣሪያውን ግን አያሳምነውም። ጠበሉን ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ አድርገው፣ በፌስታል ሁለቴ ቋጥረው፣ በሚጫነው ሻንጣ መካከል በልብስ ይክበቡት። አረቄ የባሰ ጣጣ አለው። ከ70 በመቶ በላይ አልኮል ያለው ጨርሶ አይጫንም፤ ከዚያ በታች ያለውም በፋብሪካ ታሽጎ ልኩ የተጻፈበት መሆን አለበት። የቤት አረቄ በሃይላንድ ጠርሙስ ይህን አያሟላም፤ እዚያው ቤት ለሸኚዎች ይቅዱት።

ጉዳዩ የሚያበቃው አውሮፕላኑ ላይ ሲወጡም አይደለም። ቋንጣ ወደ አሜሪካም ወደ አውሮፓም አይገባም። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ወተትና የወተት ውጤትም ክልክል ነው፤ ቅቤውና አይቡ መድረሻው ላይ ይወሰዳል። ምግብ የያዙ እንደሆነ በቅጹ ላይ «አዎ» ይበሉ። ተናግረው የተወሰደብዎት ዕቃ ብቻ ይጠፋል፤ ደብቀው የተገኘብዎት ገንዘብም ያስቀጣል። ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ ከመያዝ ማንም አይከለክልዎትም ብሎ መተማመን ግን ልክ አይደለም፤ አስመዝግበው ይለፉ።

ፓወር ባንክ በተቃራኒው የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ከእጅዎ አይለይ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ የሰው አደራ። ጉዞዎ ከተሰማ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ደጅዎ ላይ ፌስታል ይደረደራል። «ለልጄ ናት፣ ምንም ክብደት የላትም» የተባለች ፌስታል 4 ኪሎ የማትመዝንበት ቀን የለም። ሁሉን እሺ ማለት ሚዛን ላይ ያዋርዳል፣ እምቢ ማለት ደግሞ ከጎረቤት ያቆራርጣል። የሚያዋጣው ልክን አስቀድሞ መናገር ነው፦ «ለሁሉም ሰው አንድ አንድ ኪሎ ይዣለሁ» ይበሉና ለማንም አይለውጡ። ደግሞም ያልፈቱትን አደራ አይቀበሉ። አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣውን ማን እንዳሰናዳው ይጠየቃሉ፤ ውስጡ የተገኘው ነገር ሁሉ የእርስዎ ነው። ሰው ሳያስቀይሙ ለመጠየቅ «እማማ፣ ፈታሾቹ ምንድን ነው ብለው ያፋጥጡኛልና አብረን እንፍታት፣ እርስዎ ራስዎ መልሰው ያስሩልኛል» ማለት ይበቃል። ቅር የተሰኘ ፊት የሚያሳይ ሰው ካለ ፌስታሉ እዚያው ይቆይ።

ሻንጣው ሲወሰድ የተለጠፈበትን መለያ ያንብቡ። ባሕር ዳር ቢጄአር፣ ጎንደር ጂዲኪው፣ ላሊበላ ኤልኤልአይ፣ አዲስ አበባ ኤዲዲ ነው። ሦስቱ ፊደላት የመጨረሻ መድረሻዎ ካልሆኑ ሻንጣው ሌላ አገር ይጎበኛል። ሻንጣውን አዲስ አበባ ላይ እንደሚቀበሉት ወይም እስከ መጨረሻው እንደሚሄድ እዚያው ይጠይቁ። ጥቁር ሻንጣ የሁሉም ነውና እጀታው ላይ የጥለት ቁራጭ ይሰሩበት።

ፍተሻ

ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ስንብቱን ቤት ይጨርሱት። ቦሌ ላይ ፍተሻው ሲገቡም፣ ወደ አውሮፕላኑ ሲሄዱም ነው። ቀበቶ፣ ሳንቲም፣ ቁልፍ ኮት ኪስ ውስጥ ይሰብስቡና ኮቱን ባንድ ጊዜ ያሳልፉ። ካህን ከሆኑ መቋሚያውን ቀድመው ያሳዩ፤ የአዛውንት ከዘራ ተፈትሾ ይመለሳል። አባትዎ ወይም እናትዎ ብቻቸውን የሚሄዱ ከሆነ ግን ትኬት ሲቆረጥ የተሽከርካሪ ወንበር አገልግሎት አብሮ ይጠየቅ። «እኔ አንካሳ ነኝ እንዴ!» ብለው ይቆጣሉ። ወንበሩ ለእግራቸው ሳይሆን ለመንገዱ እንደሆነ ያስረዷቸው፤ ከሚገፋው ሠራተኛ ጋር ሲሄዱ ቋንቋ ሳያውቁ በሩን የሚያገኙት በእሱ ነው።

አየር ላይ

ባሕር ዳር የሚመላለሱት አውሮፕላኖች አንዳንዶቹ ባለ ሁለት ፕሮፔለር ኪው400 ናቸው። የላይኛው የዕቃ ሳጥናቸው ጠባብ ነው፤ ትልቁን የእጅ ቦርሳ ደረጃው ሥር ሊቀበሉዎት ይችላሉ። መድኃኒት፣ ገንዘብና ሰነድ ከዚያ ቦርሳ አውጥተው ይያዙ። ከክንፉ አጠገብ ያለው ወንበር ጩኸት አለው።

የጆሮ ነገር ደግሞ ለደጋ ሰው የተለየ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው ያስተነፍሳል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እርስዎ ቤትዎ ደጅ ላይ ከአውሮፕላን ተሳፋሪ ከፍ ብለው ነው የሚኖሩት። ስለዚህ ሲነሱ ብዙም አይሰማዎትም። የሚያመው ዱባይ ወይም ዋሽንግተን፣ ባሕር ጠለል አጠገብ ሲወርዱ ነው። አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ቆሎ ማኘክ ይጀምሩ፣ ምራቅ ይዋጡ፣ ያዛጉ። የሚጠባ ሕፃን ካለ በዚያ ሰዓት ይጥባ። በዚያው ምክንያት ደብረ ታቦር ላይ ተከድኖ የሄደ የፕላስቲክ ዕቃ ዱባይ ላይ ጎኑ ተጨምድዶ ይገኛል፤ ተሰርቆ አይደለም። ከቆላ ወደ ደጋ የሚመጣው ሻምፑና ቅባት ግን ነፍቶ ክዳኑን ይገፋልና አፍ እስከ አፍ የሞላ ዕቃ ይዘው አይምጡ።

ጾመኛ ከሆኑ የውጪ በረራ ላይ የጾም ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ይዘዙ። ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው የሚጠይቁት ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ ዳቦና ሰላጣ ነው።

ሲመለሱ

ሻንጣዎ ካልመጣ ከአዳራሹ ሳይወጡ ያስመዝግቡና የተመዘገበበትን ቁጥር ይያዙ። በዓለም አቀፍ በረራ ለተሰበረ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ሻንጣ ከተቀበሉት ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለብዎት፤ በቃል የተነገረ አቤቱታ አይቆጠርም።

ባሕር ዳር ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ካረፉ ወደ ደብረ ታቦር አይጣደፉ። ቀድመው ካረፉ ግን ለቤተሰብ የሚነግሩት ሰዓት አውሮፕላኑ የሚያርፍበት አይሁን። በእሱ ላይ ለሻንጣ 1 ሰዓት፣ መኪና እስኪሞላ 1 ሰዓት፣ ለመንገድ 3 ሰዓት ይጨምሩና ያንን ይንገሩ። «6 ሰዓት አርፋለሁ» ካሉ በ7 ሰዓት ዶሮው ወጥቶ፣ በ9 ሰዓት አገሩ ሁሉ ስልክዎን ሲጠራ፣ እርስዎ ገና ሐሙሲት ላይ ረዳቱ መልስ እስኪሰጥ እየጠበቁ ነው።